ሁለቱም ዓይኑ በአንድ ጎን የሆነ ዓሣ፦ ጤነኛ ነው?

ጨው በርበሬ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ዓሣ የሚያውቅ ካለ እርዱኝ። ነገሩ ያስቃል፤ እኔን ግን ትናንት ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረው።

ስታዲየም አካባቢ ያለ ሆቴል ኪችን ውስጥ ነው የምሠራው። አራት ዓመት ሆነኝ። ከገባሁ ጀምሮ ዓሣ የእኔ ነው። የዝዋይ ቆሮሶ፣ የአርባ ምንጭ ነጭ ዓሣ፣ አምባዛ፣ የመጣው ይምጣ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ፊሌቶ አወጣለሁ። ሁዳዴ ላይማ በቀን ስንት ዓሣ እንደማወራርድ የምናውቀው እኔና ቢላዬ ነን።

ትናንት ጠዋት ስቶር ኪፐሩ ከዲፕ ፍሪዘር አንድ ካርቶን አውጥቶ አመጣልኝ። «የባሕር ዓሣ ነው፣ ከውጭ የመጣ። ለቅዳሜው ግብዣ ነው፣ በረዶው ይልቀቀው» አለኝና ሄደ። ከፈትኩት። የመጀመሪያውን ሳነሳው ቂጣ የያዝኩ ነው የመሰለኝ። ጠፍጣፋ! ዙሪያውን ክንፍ ነው፣ ልክ እንደ ምንጣፍ ዘርፍ። አንዱ ፊቱ ቡናማ ነው፤ ላዩ ላይ ምስር የሚያካክሉ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች አሉበት። ገልበጥ ሳደርገው ሌላኛው ፊቱ የተላጠ ድንች። ነጭ። ዓይን የለም። መልሼ ገለበጥኩት። ሁለቱም ዓይኖቹ ቡናማው ፊት ላይ ናቸው፤ ተጠጋግተው፣ ፈጠው። አፉ ደግሞ ወደ ጎን ተጣሟል። ምች የመታው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ።

ምስኪን፣ ሲፈጠር የተበላሸ ነው ብዬ ለብቻው አስቀመጥኩት። ሁለተኛውን አነሳሁ። ያው ነው። ሦስተኛው፣ ያው። «የሚመለስ» ብዬ አምስት ዓሣ ሳፋ ውስጥ ደርድሬ ስድስተኛው ላይ ስደርስ ነው የደነገጥኩት። አትክልት የምትከትፈው ልጅ መጥታ አየችና አማተበች። «ኬሚካል ነው፣ አትንኪው» አለችኝ። እኔም አመንኩ። ስቶር ኪፐሩን ጠርቼ ካርቶኑ በሙሉ ይመለስ አልኩት። እሱ ለሼፉ ነገረ። ሼፉ መጣ፣ ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ኪችኑ ሁሉ እየሰማ «ዓሣው እኮ ሲፈጠርም እንዲህ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ማብራሪያ የለ፣ ምን የለ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ስሜ «ኢንስፔክተር» ሆኗል።

እሺ፣ ሲፈጠርም እንዲህ ነው እንበል። ግን እንዴት? ከእንቁላሉ ሲወጣ ጀምሮ ነው? የት ነው የሚኖረው? በአንድ ጎን ብቻ እያየ ማን ሳይበላው ያድራል? ማታ ቤት ገብቼ ፎቶውን ለእማዬ ሳሳያት ደግሞ የራሷን ጥያቄ ጨመረችብኝ፦ «ቅርፊት አለው?» እኛ ቤት አምባዛ አይገባም። ኦሪት ዘሌዋውያን ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ይላል፤ አምባዛ ቅርፊት የለውም። ይሄኛውን በእጄ ስዳስሰው ልስልስ አለብኝ፣ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ካርቶኑ ላይ «ፕሌስ» ይላል። የተያዘበት ቦታ ሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።

የአራዳ ልጅ፦

ይሄማ ስቲንግሬይ ነው። ቪዲዮ ላይ አይቸዋለሁ። ጅራቱ መርዝ አለው፣ ሰው ይገላል። ቅዳሜ ግብዣ ሳይሆን ለቅሶ ነው የሚሆነው።

ቾክ በእጄ፦

አራዳ ወንድሜ፣ አትሳሳት፣ ልጅቷንም አታስፈራራ። ስቲንግሬይ አይደለም።

አራት ኪሎ አካባቢ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ይሄ ዓሣ ደግሞ የምወደው ርዕስ ነው። ስለዚህ ከረዘመብሽ ታገሺኝ።

ስቲንግሬይ የተጠፈጠፈው ከላይ ወደ ታች ነው። ሆዱ መሬት ላይ፣ ጀርባው ወደ ላይ። ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ መሃሉን ብታጥፊው ይገጥማል። አጥንትም የለውም፣ አካሉን የሚይዘው እንደ ጆሯችን ያለ ልም አጥንት ነው። የአንቺ ዓሣ ግን በጎኑ የተኛ ዓሣ ነው። ቡናማው ጀርባው አይደለም፤ ቀኝ ጎኑ ነው። ነጩም ሆዱ ሳይሆን ግራ ጎኑ ነው። ነገ ኪችን ስትገቢ አንድ ቆሮሶ ውሰጂና ትሪ ላይ በግራ ጎኑ አስተኚው። ታች የቀረው ዓይን ትሪውን ብቻ ነው የሚያየው። ዕድሜ ልኩን እንዲህ ለሚተኛ ዓሣ ያ ዓይን ምን ይሠራለታል? ፕሌስ ያንን የታችኛውን ዓይን ወደ ላይ አምጥቶታል። ነገሩ ይሄው ነው።

ከእንቁላሉ ሲወጣ እንዲህ ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። ሼፍሽ እዚህ ላይ ተሳስቷል፣ ንገሪልኝ። ሲፈለፈል ከቆሎ ፍሬ ያነሰ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ እጭ ነው። አንድ ዓይን በግራ፣ አንድ ዓይን በቀኝ። እንደ ማንኛውም ዓሣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፤ ውሃው መሃል እየተንሳፈፈ ጥቃቅን ነገር ይለቅማል። ሳምንታት አልፈው አንድ ሳንቲ ሜትር ከምናምን ሲሆን የታይሮይድ ሆርሞኑ ያይላል። የእንቁራሪት ጨቅላ ጭራውን ጥሎ እግር እንዲያወጣ የሚያደርገው ሆርሞን ማለት ነው። ያኔ ግራ ዓይኑ ጉዞ ይጀምራል። ወደ ላይ ይወጣል፣ አናቱ ላይ ይደርሳል፣ ተሻግሮ ቀኝ ዓይኑ አጠገብ ይቆማል። የራስ ቅሉ አጥንትም አብሮት ይጣመማል። አፉ ምች የመታው የመሰለሽ ለዚህ ነው። ሰውነቱም ዓይኑ እየተጓዘ ሳለ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ቀኝ ጎኑ ይጠቁራል፣ ግራው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወደ ወለሉ ይወርዳል። የባሕር ጠፍጣፋ ዓሦች አብዛኞቹ ሲያድጉ ዓሣን የሚያንሳፍፈው የአየር ከረጢት አይኖራቸውም። መዋኘት ካቆሙ ይሰምጣሉ፤ እነሱም የሚፈልጉት እሱኑ ነው።

ሁሉም ወደ ቀኝ አይደሉም ደግሞ። ፕሌስና ሃሊበት ዓይናቸው በቀኝ ነው። ተርቦት የሚባለው በግራ ነው። በዓለም ላይ ከ700 በላይ ዓይነት ጠፍጣፋ ዓሣ አለ፤ ከመዳፍ ከሚያንሰው ጀምሮ ከ200 ኪሎ በላይ እስከሚመዝነው የአትላንቲክ ሃሊበት ድረስ። ሃሊበት ቢመጣልሽ ሳፋሽ አይበቃውም።

የት ነው የሚኖረው? ፕሌስ ከባሬንትስ ባሕርና ከአይስላንድ እስከ ሜዲትራንያን ድረስ አለ። አሸዋ ወይም ደለል ያለበት ወለል ይወዳል። ትንንሾቹ ዳር ዳር፣ ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነው የሚያድጉት። ትልልቆቹ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ይገኛሉ፤ እስከ 200 ሜትርም ይወርዳሉ። ማን ሳይበላው ያድራል ላልሽው፣ አይታይማ! ወለሉ ላይ ያርፍና ሰውነቱን ሁለት ሦስቴ ያርገፈግፋል። አሸዋው ብድግ ይላል፣ መልሶ ይወርድበታል። ተቀበረ። ውጭ የሚቀሩት ሁለቱ ዓይኖች ብቻ ናቸው፣ እንደ ሁለት ሽምብራ። እነሱም በየፊናቸው ይዞራሉ፤ አንዱ ፊት ሲያይ አንዱ ኋላ ያያል። በአንድ ጎን ብቻ ያያል ብለሽ አትዘኚለት። ከበላዩ የሚሆነውን ሁሉ ያያል፤ ከሥሩ ያለው አሸዋ ነው።

ምግቡ ትልና ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ያላቸው እንስሳት ናቸው። እነዚያ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ውሃ የሚስቡበት እንደ ቱቦ ያለ ነገር ብቅ ያደርጋሉ። ትንሹ ፕሌስ ያንን ጫፉን ቀንጥቦ ይሄዳል። ቱቦው መልሶ ይበቅላል። ከጎመን ቅጠል እንደ መቀንጠብ ነው፣ ጓሮው አይጠፋም።

ጉዞውንም ልንገርሽ፣ ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የሚያስቃቸው ይሄ ነው። ፕሌስ ሊራባ ሲል ሩቅ ይሄዳል፤ ግን ጉልበቱን አያባክንም። የባሕሩ ሙላት እሱ ወደሚፈልግበት አቅጣጫ ሲፈስ ከወለሉ ተነስቶ ውሃው ውስጥ ይገባና ይወሰዳል። ውሃው ሲመለስ ወርዶ አሸዋው ላይ ይተኛል። ሜክሲኮ ቆሞ የፒያሳ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው በሉት። የሌላ መስመር ታክሲ ቢለምኑትም አይሳፈርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሚቫርት የሚባል እንግሊዛዊ የዝግመተ ለውጡን ዳርዊንን በዚሁ ዓሣ አፋጦት ነበር። «ዓይኑ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቢቀር ለዓሣው ምን ጥቅም አለው?» ነበር ጥያቄው። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣው «የዝርያዎች አመጣጥ» በተባለው መጽሐፉ ስድስተኛ እትም ሊመልስለት ሞክሯል፣ ግን በእጁ ላይ ማስረጃ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2008 ማት ፍሪድማን የሚባል ተመራማሪ ወደ 50 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጉ ቅሪተ አካሎችን አገላብጦ አየ። ዓይናቸው በእርግጥም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ዓሦች አገኘ። አንደኛው ቪየና ሙዚየም ውስጥ ተቀምጦ የነበረ ነው። የፍጥረት ክርክሩን እዚህ አልከፍትም፤ ክፍል ውስጥ የሚበቃኝን ያህል አለኝ።

ቁርስ ያልበላ፦

ለመሆኑ ዓሣ በጾም ይበላል እንዴ?

ጨው በርበሬ፦

እባካችሁ ያንን ወሬ እዚህ አታምጡብኝ። ሆቴል ነው የምሠራው፣ የታዘዝኩትን ነው የምቆርጠው። ቲቸር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግማሽ መንገድ የምትለዋ ላይ መውረጃዬን አሳለፍኩ።

ጡረተኛው ባሕረኛ፦

ልጄ፣ ጥያቄሽን ሳነብ አርባ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ወሰድሽኝ። ዛሬ ለገሃር አካባቢ ማኪያቶዬን ይዤ ጋዜጣ ሳገላብጥ የምውል ሽማግሌ ነኝ። በ1973 ዓ.ም. ግን ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበርኩ። እኔም እንዳንቺ ነው ያበድኩት፤ ልዩነቱ የእኔው በሕይወት ነበር።

እሑድ ነው። ጉርጉሱም ወረድን። ከምጽዋ ወጣ ብሎ ያለ አሸዋማ የባሕር ዳርቻ ነው። ውሃው እስከ ጉልበቴ እስኪደርስ ገባሁ። አንድ እርምጃ ስራመድ ከእግሬ ሥር አሸዋው ራሱ ተነስቶ ሄደ! መሬት ሲሸሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ፣ አቧራ አስነሳ፣ ጠፋ። ቆሜ ባፈጥም ላየው አልቻልኩም። አብሮን የነበረው የምጽዋ ጀልባ ቀዛፊ ሳቀብኝ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ አሳየኝ። ዓይኖቹን ካየሁ በኋላ ነው ቀሪው አካሉ የታየኝ። ቅርጹ እንደ እግር ጫማ ነው። ቆዳው የእብነ በረድ ዓይነት ዝንጉርጉር አለው።

ስሙን «ሰመክ ሙሳ» አለኝ። የሙሴ ዓሣ ማለት ነው በዓረብኛ። ሙሴ የኤርትራን ባሕር በበትሩ ሲከፍል ይሄ ዓሣ መሃል ላይ ነበር፤ ባሕሩ ሲከፈል እሱም ለሁለት ተከፈለ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ቀረ፤ አንድ ጎኑ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው ብሎ አጫወተኝ። በዚያ አካባቢ የቆየ ተረት ነው፤ አይሁዶቹም ያወሩታል። እኔ መጽሐፉን አውቀዋለሁና የት ምዕራፍ ላይ ነው ብዬ ተከራከርኩት። «ዓሣው ራሱ ምዕራፍ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ቀዛፊው በመረብ አንዱን አነሳና ባልዲ ውስጥ ከተተው። ክንፉ ሥር በጣቱ ጫን ሲያደርገው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ከዳር እስከ ዳር ተንቆረቆረ። እኔ ልነካ ስል እጄን መታኝ። «ሻርክ እንኳ አይደፍረውም» አለ። እኔ የቀዛፊ ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ከዓመታት በኋላ ነው እውነቱን ያነበብኩት። ዩጂኒ ክላርክ የምትባል አሜሪካዊት የሻርክ አጥኚ ቀይ ባሕር ላይ ይሄንኑ ዓሣ ይዛ ወተቱ ጣቷን ወረራት። ከዚያ ሻርክ ያለበት ገንዳ ውስጥ አስገባችው። ሻርኩ አፉን ከፍቶ መጣ። ሊነክሰው ሲል መንጋጋው እንደተከፈተ ቀረ፣ ራሱን እያወዛወዘ ሸሸ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው ይሄ። በወተቱ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ፓርዳክሲን ብለውታል። የሚያመነጩት እጢዎች በላይኛውና በታችኛው ክንፍ ሥር ተደርድረው ነው ያሉት፤ ቀዛፊዬ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ላይ ማለት ነው። ያንን ሰው ባገኘው ይቅርታ እጠይቀው ነበር።

አይዞሽ፣ ያንቺው የአትላንቲኩ ነው። ፕሌስ እንዲህ ያለ ወተት የለውም። ያለ ሥጋት ቁረጪ።

አንድ ሌላ ደግሞ ነበር። እሱኛው ክብ መሰል ነው፣ ላዩ ላይ እንደ ነብር ክብ ክብ ነጠብጣብ አለው። እሱን ነጭ ባልዲ ውስጥ ስናደርገው ዓይናችን እያየ ነጣ። ጥቁር ሸራ ጣል ብናደርግበትና ብንገልጠው ጠቁሮ ጠበቀን። ጓደኛዬ «ይሄ ለደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው የሚሆነው» ብሎ ያሳቀን ትዝ ይለኛል።

ቾክ በእጄ፦

ጋሼ፣ ነብርማው የነብር ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ለሳይንስ የገለጸው ማን መሰለዎት? ኤድዋርድ ሩፔል፣ ጀርመናዊው። በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ገብቶ ጎንደር ድረስ የሄደው። ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ የገለጸው ያው ሰው ነው። ዋልያን ከዚያ ዓሣ ጋር በአንድ ሰው ስም ሳገኘው እኔም ገርሞኝ ነበር።

የቀለሙ ነገርም በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1996 የዚሁ ዘመድ የሆነ ዓሣ ዳማ የመሰለ ጥቁርና ነጭ ወለል ላይ አስቀመጡት። ከ2 እስከ 8 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ቆዳው ላይ ተመሳሳዩን ንድፍ አወጣ። የሚመራው ዓይኑ ነው፤ ወለሉን አይቶ ነው ቆዳውን የሚያዘው።

ቤሩት የነበርኩ፦

ጋሼ ያሉትን ላጸድቅ፤ ቤሩትም ሶል የሚባለውን ጠፍጣፋ ዓሣ ሰመክ ሙሳ ነው የሚሉት። ስምንት ዓመት ቀቅያለሁ፣ ጠብሻለሁ።

እህቴ ጨው በርበሬ፣ እነሱ ዓይኑን ያጥኑ፣ እኔ ቢላውን ልንገርሽ። እንደ ቆሮሶ ሁለት ፊሌቶ ላውጣ ብትዪ ታበላሺዋለሽ። ከዚህ የሚወጣው አራት ነው። ቡናማውን ወደ ላይ አድርገሽ አስተኚው። መሃሉን ከጭንቅላቱ እስከ ጅራቱ የሚሄድ መስመር አለ፤ በዚያ ላይ እስከ አጥንቱ ቅደጂ። ከዚያ ቢላውን አጋድመሽ፣ አጥንቱን እያሻሸሽ ከመሃል ወደ ዳር። አንዱን ግማሽ አውጪ፣ ሌላውን ግማሽ አውጪ። ገልብጠሽ በነጩም እንዲሁ። የቡናማው ወፈር ይላል፣ የነጩ ሳሳ ይላል፤ ስለዚህ ምጣድ ላይ እኩል አታስገቢያቸው። ሲጫኑት የሚለመጥ ቢላ ነው የሚያስፈልግሽ፣ ለአጥንት የምትጠቀሚበትን ተዪው። ሆድ ዕቃው ጭንቅላቱ አጠገብ ጥግ ላይ ተጠቅጥቆ ነው የምታገኚው፤ እንደ ቆሮሶ ሆዱን ስትፈልጊ እንዳትውዪ።

በቅቤ፣ በሎሚ፣ በየጎኑ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ጉላሽ እንዳትሞክሪው! ሥጋው ስስ ነው፣ ይበተንና ሾርባ ይሆንብሻል። ዱለት ደግሞ ኃጢአት ነው።

ቅርፊቱን በተመለከተ፣ ፕሌስ አለው። ትንንሽ ናቸው፣ ጠርዛቸው ለስላሳ ነው፣ ቆዳው ውስጥ ገባ ብለው ነው የተቀመጡት፤ ለዚያ ነው በእጅሽ ያልያዙሽ። ጅራቱን ይዘሽ በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት ፋቂው፣ ይወጡልሻል። እናትሽ ግን ሌላ ጊዜ ተርቦት ብታመጪላት ትጠይቅሽ፤ እሱ ቅርፊት የለውም፣ በምትኩ እንደ ኪንታሮት ያለ የአጥንት እብጠት ነው ያለው። የፕሌስም ቢሆን ከዓይኖቹ ኋላ በረድፍ የተደረደሩ ጉብ ጉብ ያሉ አጥንቶች አሉት፤ በጣትሽ ዳስሺውና ታገኚያቸዋለሽ። ከዘመዶቹ የምትለዪው በእነሱና በብርቱካንማው ነጠብጣብ ነው።

የአራዳ ልጅ፦

እሺ፣ ስቲንግሬይ አይደለም። ሰው አይሳሳትም እንዴ? ግን ዓይኑ ሲሄድ አያመውም?

ቾክ በእጄ፦

ይሄንን ጥያቄ በየዓመቱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ አንድ ተማሪ ይጠይቀኛል። አንተ ነህ እንዴ?

ጨው በርበሬ፦

ተመልሻለሁ። ቅዳሜ አለፈ፣ ስለዚህ ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ ቅርፊቱ። ዓርብ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ አንዱን ጅራቱን ይዤ በቢላዬ ጀርባ ፋቅኩት። መጀመሪያ ልጋግ ብቻ ነው የወጣው። ደግሜ ስፍቀው ቢላው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ጥቁሩ ሽርጤ ላይ ጠርጌ የስልኬን መብራት አበራሁበት። የጤፍ እንክርዳድ የሚያህሉ፣ ጥፍር የመሰሉ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ። ሦስቱን በወረቀት ጠቅልዬ ለእማዬ ኪሴ ከተትኩ። ከዓይኖቹ ኋላ ያሉትን ጉብ ጉብ ያሉ አጥንቶችም ዳሰስኳቸው። ነጥብ በነጥብ ተደርድረው ነው ያሉት፣ እንደ መቁጠሪያ።

ፊሌቶው፦ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓሦች አበላሸሁ፤ አጥንቱ ላይ ሥጋ ቀረብኝ። ሦስተኛው ላይ እጄ ገባው። አራት አራት እያደረግኩ ትሪው ላይ ስደረድር ሼፉ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ምንም አላለም። ዞር ሲል «ሼፍ፣ ሲፈጠር እኮ እንዲህ አይደለም፣ ዓይኑ የሄደው በኋላ ነው» አልኩት። «ማን ነው ያለው?» አለ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሆርሞኑን፣ አናቱ ላይ የሚደርስበትን፣ ቪየናውን። አዳመጠኝ። ከዚያ «ሥራሽን ሥሪ» ብሎ ሄደ። ግን ማታ ላይ ለእንግዶቹ ዓሣውን ሲያስተዋውቅ በበሩ ቀዳዳ ሰማሁት። «ሲወለድ አንድ ዓይኑ በዚህ፣ አንዱ በዚያ ነው» እያለ ጭንቅላቱ ላይ በጣቱ ያሳያል! የቤቱ ስም ለእሱ፣ ድካሙ ለእኔ።

አንድ ጭንቅላት ለብቻ ቀቅዬ ሥጋውን አራገፍኩና የራስ ቅሉን አጠብኩት። ቲቸር፣ ማየት አለብህ። ከኋላ በኩል ስታየው እኩል ነው፣ እንደ ማንኛውም ዓሣ። ወደ ፊት ስትመጣ ልክ እርጥብ ጨርቅ እንደጨመቁት ይጠመዘዛል። ዓይኖቹ መሃል የነበረው አጥንት ሰርጥ ሆኖ ቀጥኗል። መንጋጋውን ሳየው ደግሞ ጥርሱ በነጩ በኩል ይበዛል፤ መሬት የሚነካው ወገን ነው ለካ የሚበላው። የእርጎ ዕቃ ውስጥ አድርጌ አስቀምጬልሃለሁ። ሰኞ በአራት ኪሎ ነው የማልፈው፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ጋሼ ባሕረኛው፣ የሰመክ ሙሳን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። ዘፀአትን አውጥታ ፈለገች። የለም። «ተረት ነው፣ ግን ጥሩ ተረት ነው» አለች።

ሦስቱን ቅርፊቶች ደግሞ መስኮት አጠገብ ወስዳ፣ መነጽሯን አድርጋ አንድ በአንድ አየቻቸው። ፈቀደች። በሚቀጥለው ካርቶን ከተረፈ አንድ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ጭንቅላቱን ግን እዚያው ቆርጬ፤ በሁለት ዓይን እያፈጠጠባት መብላት አትችልም።